ባቡሩ እስኪያልፍ

አያቴ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሰው ነበሩ። እምነትን የሚሞግት መጽሐፍ ካገኙ ግን አንብበው አይጠግቡም። እሑድ እሑድ ቤት ለሚመጡት ለነፍስ አባታችን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡላቸው ነበር።

«ይሄ እኮ ክህደት ነው!» ይላሉ አባ።

«ክህደት ከሆነ መልሱን ይንገሩኛ! እግዜር በጥያቄ ይቀየማል እንዴ?»

ባቡር ሲመጣ ቤታችን ስለሚንቀጠቀጥ ሁለቱም ዝም ይላሉ። አያቴ ንባቡን ያቆሙበት መስመር ላይ ጣታቸውን አድርገው ይጠብቃሉ፤ ባቡሩ ሲያልፍ ክርክሩ ይቀጥላል።

ከአያቴ አርባ በኋላ አባ መጡ። የመጨረሻውን መጽሐፍ አንስተው «ለዚህስ መልስ አግኝቼ ነበር» አሉና ለባዶው ወንበር ማስረዳት ጀመሩ። መሀል ላይ ባቡር መጣ፤ ዝም አሉ።

ባቡሩ አለፈ። አባም እኔም የአያቴን ድምፅ ጠበቅን።