ሰላም ያለው ስልክ

በጉለሌ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ማንበብ ለማይችሉ ገበሬዎች የስልክ አገልግሎት እንሠራ ነበር። መጀመሪያ የሞከርነው በሥዕል ነው። የዝናብ ደመና ብለን የሣልነውን ገበሬዎቹ በግ ነው አሉ፤ ተጭነው የበግ ዋጋ ሲጠብቁ የአየር ትንበያ መጣላቸው። ስለዚህ ሥዕሉን ትተን ወደ ድምፅ ዞርን። ገበሬው ይደውላል፣ ቁጥር ይጫናል፣ ምክሩን ይሰማል፣ በቃ።

ድምፁን እንድትሰጠን ቀጨኔ የምትኖረውን አክስቴን ለመንኳት። መዋዕለ ሕፃናት ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ናት፤ አንድን ነገር ሳይሰለቹ ደጋግሞ መናገር ታውቅበታለች። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባብን ቁም ሳጥኗ ውስጥ፣ በካፖርቶቿ መሀል አስቀምጠን ልንቀዳት ተዘጋጀን። የሰጠናት ወረቀት «ስለ ስንዴ ለመስማት አንድን ይጫኑ» ብሎ ይጀምራል። አነበበችውና መለሰችልኝ። ሰው ሰላም ሳይባል ተጫን አይባልም አለች። ተሸነፍን። «እንደምን ዋሉ? ቤተሰብ ደህና ነው? ከብቶቹስ?» ብላ ጀመረች።

አገልግሎቱ ሲከፈት ብዙ ሰው ደወለ፤ ቁጥር የሚጫን ግን ጠፋ። ችግሩ ኮምፒውተሩ ላይ ነው ብለን ስንፈትሽ ሰነበትን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዱላቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ነው አገራቸው፤ ሽሮ ሜዳ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው፣ በዚያው እኛን አፈላልገው አገኙን። ቅሬታ ነበራቸው። ሴትዮዋ ስለ ቤተሰብና ስለ ከብት ትጠይቃቸዋለች፣ እሳቸው ገና የታመመውን በሬ ነገር ሲጀምሩ አቋርጣ ስለ ስንዴ ታነሳለች፣ ከዚያ ጆሯቸው ላይ ትዘጋዋለች። ሰው ሳይሆን ማሽን ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ማሽን ስለ ከብት ምን አገባው አሉኝ። ይዣቸው ወደ ቀጨኔ ሄድኩ።

አክስቴ በሩን ከፍታ «እንደምን ዋሉ?» ስትል ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«እሳቸው ናቸው» አሉ፣ ሌባ እንዳስያዘ ሰው።

አክስቴ ነገሩን ስትሰማ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ወንበር ሰጠቻቸውና የተቋረጠውን እንዲጨርሱላት ለመነቻቸው። ጨረሱላት። በሬው ድኗል፤ ግን እስኪድን ያለውን ሁሉ ሰማን። ከዚያ በኋላ ስንዴያቸውን ስለመታው ዋግ ምን ይሻላል ብለው ጠየቋት።

«እኔ እንኳ ስለ ስንዴ አላውቅም» አለች። «የሰጡኝን ነው ያነበብኩት።»

«በስልክ እኮ ያውቁ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

አክስቴ ስልኳን አውጥታ አገልግሎቱ ላይ ደወለች። ስልኩ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱም እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። አንድን ተጫነች። ጎን ለጎን ተቀምጠው ምክሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ አክስቴ ራሷ ያነበበችውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሰማ ሰው ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከሰላምታው ቀጥሎ መልስ መስጫ ፋታ አስገባን። ከፋታው በኋላ አክስቴ «እሰይ፣ እንኳን ደህና ሆኑ» ትላለች፤ ከዚያ ወደ ቁጥሩ። ሰው መጫን ጀመረ። ሽማግሌው ብቻ ወደ አገልግሎቱ አልተመለሱልንም። ለአክስቴ ነው በቀጥታ የሚደውሉት። የጠየቁትን ካላወቀች በሌላኛው ስልኳ አገልግሎቱ ላይ ትደውልና ሁለቱን ስልኮች አፍ ለአፍ አጋጥማ ታሰማቸዋለች።