አሥር ደቂቃ የሚሠራ ሞተር

ታላቅ ወንድሜ በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ኮልፌ በአባታችን ግቢ ውስጥ አውሮፕላን ሠርቷል። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አካሏ ከእንጨት፣ ልባሷ ከአቡጀዲ፣ ሞተሯ ከተገለበጠ ቮልስ የወጣ ነበረች። ክንፎቿን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ያኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ባል አላገባሁም፤ ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ ግቢው ውስጥ የቀረነው እሱና እኔ ብቻ ነበርን።

ወንድሜ ለብዙ ዓመታት የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። ጩኸቱ ጆሮውን ጎዳው። ሐኪም መርምሮት ከዚያ በኋላ ሞተር አጠገብ እንዳይቆም ጻፈለትና ከሥራ ተሰናበተ። ቤት ከዋለ ወዲህ ከሰው ጋር መጫወት አቆመ። የእኔን ንግግር ግን ከንፈሬን እያየ ይከተል ነበር። አንድ ቀን ከውጭ አገር ያስመጣውን የአውሮፕላን ንድፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና፣ «እጄ አልደነቆረም» አለኝ። እንጨቱን ጎረቤታችን ሐጂ ሰጡን። ጣውላ ነጋዴ ነበሩ፤ ወንድሜን ከልጅነቱ ያውቁታል።

ሦስት ክረምት ፈጀ። በአራተኛው በጋ ሞተሩ ተነሣ። አሥር ደቂቃ ያህል ደህና ሠራና ሁለት ጊዜ አስሎ ጠፋ።

ወንድሜ ሞተሩ ላይ እጁን ጭኖ መንቀጥቀጡን ያውቃል፤ ድምፁን ግን የምነግረው እኔ ነበርኩ።

«ከመጥፋቱ በፊት ምን አለ?»

«ትንፋሽ አጠረው፣ ጋሼ። የሚጠጣውን ያጣ ይመስላል።»

«ቤንዚን አልደረሰውም ማለት ነው» አለ። የቤንዚን ታንከሩን ክዳን ፈታና ቀጭን እንጨት ነክሮ ለካ። ከግማሽ በላይ አለ። ክዳኑን መልሶ አጠበቀና ሞተሩን አስነሣ። ምንም እንዳልሆነ ሠራ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጠፋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጋው በሙሉ ያንን አሥር ደቂቃ ስናባርር አለፈ። መጀመሪያ ፊልትሮውን ጠረጠረ፤ አውጥቶ ሲያየው ንጹሕ ነበር። ቀጥሎ ቤንዚኑ ውሃ አለው ብሎ በሙሉ አስቀዳኝና በለስላሳ ቆዳ አጠለልነው። ካርቡራቶሩን ፈታትቶ እኔ ልብስ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ደረደረው። አንድ ቀን ደግሞ ቱቦውን ከካርቡራቶሩ ነቅሎ ቤንዚኑ ቆርቆሮ ውስጥ እንዲወርድ አደረገ። እኔ ሰዓት ይዤ ቆምኩ። ሳይቀንስ፣ ሳይቆራረጥ ወረደ፤ ሞተሩ ከሚፈልገው እጥፍ ነበር። ያን ጊዜ እኔ በላይ በኩል እየመለስኩ ስለምጨምር ክዳኑ ክፍት ነበር። ይህን ሁለታችንም ልብ አላልንም።

እየከሳ ሄደ። ምሳ አቀርብለትና ሳይነካው እንጀራው ይደርቃል። ሐጂ ብቅ እያሉ፣ «ልጄ፣ አላህ ያላለው ነገር አይሆንም፤ እንጨቱን ለአልጋ አድርገው» ይሉታል። ከንፈራቸውን አይቶ እንዳላየ ይሆናል።

በመጨረሻ ጥርጣሬው ሙቀት ላይ ወደቀ። ቱቦው ከጭስ መውጫው አጠገብ ስለሚያልፍ ቤንዚኑ ውስጥ ውስጡን ይፈላና ይተንናል አለ። ቱቦውን በሌላ በኩል አዞረው፤ እኔም ወፍራም ጨርቅ ሰፍቼ አለበስኩት። ሞተሩን አስነሣ። በዚያን ቀን ምን ያህል ቤንዚን እንደሚበላ ማወቅ ስለፈለገ፣ ሞተሩ እየሠራ በየጥቂት ደቂቃው ክዳኑን እየከፈተ በእንጨቱ ይለካ ነበር። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ ሆነ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ በራሱ እጅ አጠፋው። ግንቡን ተደግፎ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከሥራ ከወጣ ጀምሮ እንዲያ ሲሆን አላየሁትም ነበር።

በሳምንቱ ክንፎቿን ነቅለን በሐጂ የጭነት መኪና ከኬራንዮ ወዲያ ወዳለው የግጦሽ ሜዳ ወስደን እዚያ መልሰን ገጠምናቸው። ጠዋት ነበር። ወንድሜ ታንከሩን እስከ አፉ ሞላው። «ትርፍ ቤንዚን አይጎዳም» አለ። ክዳኑን እስኪጠብቅ አዞረውና ገባ።

ከመሬት ተነሣች። የሰፋሁት አቡጀዲ አየር ላይ ሲወጠር አየሁ። ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረ። ሐጂ አጠገቤ ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር ሞተሩ አሳለ። አምስት ደቂቃ እንኳ የሞላው አይመስለኝም። እሱ እንደማይሰማው አውቃለሁ። ከዚያ ድምፁ ጠፋና አውሮፕላኗ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ወረደች። ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን።

በሕይወት አገኘነው። የግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተሰብሯል፤ ወገቡም ተጎድቷል። ሐጂ መኪናው ላይ አስተኝተው ሆስፒታል አደረሱት።

በማግሥቱ ከስብርባሪው ውስጥ የተረፈውን ቤንዚን ለመቅዳት ተመለስኩ፤ ከብት ጠባቂዎች እሳት እንዳያነሡበት ፈርቼ ነው። ታንከሩ አልተቀደደም። ክዳኑን ስፈታው ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። በጋውን ሁሉ፣ ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ወንድሜ ክዳኑን ሲከፍት ሰምቼዋለሁ። ቤንዚን ያለበት ዕቃ ሲከፈት እንዲያ የሚል መስሎኝ ነበር።

ክዳኑን ገልብጬ አየሁት። በመካከሉ ወንድሜ በቀጭን መሰርሰሪያ የበሳት የአየር መግቢያ ነበረች፤ ቤንዚኑ ሲጎድል ቦታውን አየር እንዲተካ። በቀይ ቀለም ተደፍናለች። ሞተሩ ከመነሣቱ ከጥቂት ቀን በፊት፣ ክዳኑ ከአካሏ ጋር እንዲመሳሰል ብዬ ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ። በመርፌ ስወጋው ቀለሙ ተፈልቅቆ ወደቀ። አውሮፕላኗ ሌላ ምንም በሽታ አልነበራትም። በበረራው ቀን ታንከሩ እስከ አፉ ስለሞላ ውስጡ የቀረ አየር አልነበረም፤ ለዚህ ነው ቶሎ የታፈነችው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ትድናለች፤ እኛ ደግሞ ያዳናት የነካካነው ዕቃ ይመስለናል።

ለሐጂ ነገርኳቸው። «አትንገሪው፤ ምን ይጠቅመዋል?» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ዝምታው ከበደኝ። ሰው በሞላበት የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ጮኼ ልነግረው አልችልም፤ ከንፈሬንም እንዲያይ አልፈለግሁም። በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት።

ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ሲከፈት ድምፅ ነበረው?» አለኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ፣ ጋሼ።»

ወረቀቱን አጥፎ ትራሱ ሥር አደረገው። «የጠየቅሁሽ ስለ ሞተሩ ነበር» አለ። ይቅር ማለቱ ይሁን አለመሆኑን አላወቅሁም። እንደ መካኒክ ስህተቱን ወደ ራሱ እየሳበ ይሁን፣ እኔን እየወቀሰ፣ ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም። ወደ ግድግዳው ዞረ።

በምርኩዝ እየሄደ ከሆስፒታል ወጣ። እግሩ ቀጥ ብሎ አልገጠመም። ሞተሩን አንድ የእህል ወፍጮ ባለቤት ወሰደው፤ ክንፎቹን ሐጂ ለማገዶ አስፈለጧቸው፤ እሱም አልከለከለም። እንደገና እንጀምር ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር። ከንፈሬን ያላየ መስሎኝ ልደግመው ስል እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

ከዚያ ወዲህ በራችን ላይ ተቀምጦ የሰው የላምባ ፕሪመስ እየጠገነ ኖረ። እኔ አግብቼ ከኮልፌ ወጣሁ። በየበዓሉ ስመጣ ስለ ዝናብና ስለ ወገቡ ያወራኛል። የሠራው ፕሪመስ ሲቀጣጠል ምን ድምፅ እንዳለው ማንንም አይጠይቅም፤ ነበልባሉን በዓይኑ አይቶ ለባለቤቱ ይሰጣል።