አስታማሚ የሌለው አይተኛም

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምሁት። በአፌ ከጀመርሁ እቆጣለሁ፤ ስለዚህ ጽፌ አመጣሁት። ፊደል የቆጠርሁ በስተርጅና ነውና ቢንጋደድም ቻሉኝ።

አበጀ እባላለሁ፣ የአርማጭሆ ሰው ነኝ። ሱዳን ጠረፍ፣ ፋሽጋ ላይ ሰሊጥ ሳጭድ ነው የከረምሁት። ማታ እዚያው ከግራሩ ሥር፣ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ እንተኛለን። የባለ እርሻው ትራክተር ሸራ ይለብሳል፤ እኛ ሰማይ።

ትኩሳት ያዘኝ። ሆዴ ተነፋ፣ እግሬ ሰንበሌጥ አከለ። ጓደኞቼ «ጣፊያ ነው» ብለው በጋለ ብረት ተኮሱኝ። ባሰብኝ። የእርሻው ወኪል በሎሪ ጭኖ እዚህ ገዳሪፍ፣ ከእህል ገበያው ጓሮ ካለች ራኩባ፣ ከሳር ዳስ ውስጥ ጣለኝ።

እናንተ የጸሎት ቤቱ ሰዎች መጣችሁ። እውነቱን ልናገር፣ እጃችሁን ጫናችሁ፣ «ተፈውሰሃል!» ብላችሁ ሄዳችሁ። ውኃ የሚያቀብለኝ ግን አልነበረም። «አምላካቸውም እንደ እነሱ ጠይቆ የሚሄድ ነው» ብዬ ተሳደብሁ።

ከእናንተ አንዱ ቀረ። ኪሮስ፣ ያው እዚያ ጥግ አንገቱን የደፋው። ከስደተኞች ካምፕ የመጣ የትግራይ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ወንድሜን ጦርነቱ በልቶብኛል፤ ፊቱን ማየት አልፈለግሁም።

«ሂድልኝ!» አልሁት።

«እሄዳለሁ፣ አንተን ይዤ» አለና በራክሻ፣ በባጃጅ ጭኖ ሆስፒታል አደረሰኝ።

ሐኪሙ ሆዴን ዳሰሰ። «ካላዛር ነው። ከአፈር ስንጥቅ የምትወጣ ትንሽ ዝንብ ነክሳው ነው። በብረት አይድንም፣ በየቀኑ መርፌ ይወጋል» አለ። ቀጥሎም «አስታማሚ የሌለው አይተኛም። ይሄ የማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«አኹይ» አለ ኪሮስ በዓረብኛ። ወንድሜ ነው ማለቱ ነው።

«ውሸቱን ነው!» አልሁ።

ሐኪሙ ሳቀ። «እንዲህ የሚጣላማ ወንድም ብቻ ነው» ብሎ አስተኛኝ። ጌታ ይባረክ!

ኪሮስ ከአልጋዬ ሥር ወለሉ ላይ ተኛ። የሽንት ዕቃዬን ደፋ፣ ገንፎ አጎረሰኝ። «ምን ፈልገህ ነው?» ስለው «አፍህን ክፈት፣ ይበርዳል» ይለኛል። አንድ ጠዋት ነጠላው ላይ አስመለስሁበት፤ ይባስ ብዬ ሰደብሁት። አጥቦ አሰጣና ጀርባውን ሰጥቶኝ በትግርኛ ይጸልይ ጀመር። «ኣበጀ ሓወይ» ሲል ሰማሁ። አበጀ ወንድሜ!

ወገኖቼ፣ ለሐኪም ይዋሻል። ለእግዚአብሔር ግን ማን ይዋሻል?

ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስሁ። «ያንተ ጌታ እንደ እኔ ያለውን ይቀበላል?» አልሁት።

«መቼ ተወህና» አለኝ።

እዚያው አልጋ ላይ ጌታን ተቀበልሁ። ሃሌ ሉያ! ፊደልም ኪሮስ ነው በመጽሐፍ ቅዱሱ ያስቆጠረኝ።

ሆዴ ጎደለ፣ በእግሬ ወጣሁ። «ያዳነህ መርፌው ነው» የሚል አለ። አዎ፣ መርፌው ነው። ከመርፌው ያደረሰኝ ግን ጌታ ነው። ስሙ ይክበር!

ዛሬም በዚያችው ራኩባ አንድ የቀን ሠራተኛ ሆዱ ተነፍቶ ተኝቷል። ጠዋት አይቼው፣ ብረት እንዳያስነኩት ለምኜ መጣሁ። ጌታን ታመኑት፤ እኔን ያልተጸየፈ ማንንም አይጸየፍም። ጸልዩለት፣ ጸሎታችሁን አልንቅም። ራክሻው ግን በር ላይ ቆሟል። ሐኪሙ እንደ ልማዱ «የማን ነው?» ይላል፤ መልሱን እኔ ይዤ እሄዳለሁ። «አሜን» ያላችሁ ሆይ፣ ነገ የሚተካኝ ማን ነው?