ሐይቁ በግራ ትከሻዬ

ትናንት መሳቢያ ስፈትሽ አንድ የታጠፈ ካርታ እጄ ገባ። የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። የልጅ ልጄ በዚያ በሐይቁ ዳር መንገድ ብርቱካን እየላጠች ያንጠባጠበችበት ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ካርታውን የያዝኩት ለእሷ እንጂ ለእኔ አልነበረም።

ያኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ፤ ስልሳ ሦስት ዓመቴ። ስልክ መንገድ መናገር አልጀመረም። ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ማንበብን የመኪና ጀርባ ላይ ከተጻፈው የተማርኩ፣ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ሃያ ዓመት ጭነት ያመላለስኩ ሰው ነኝ። ቶሮንቶም የመንጃ ፈቃዱን በአንድ ፈተና ወሰድኩ። አብረውኝ የተፈተኑት ባለ ዲግሪዎች ሁለት ሁለቴ ወድቀዋል።

ልጄ ግን ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ፓርክ ሳደርግ አንድ ምሰሶ ስለነካሁ ቁልፌን ልትወስድ ተነሣች። ምሰሶው ያለ ቦታው የቆመ ነበር። ብዙ ተከራክረን ተስማማን፦ በኢሪ ሐይቅ ዳር የሚሄደውን የድሮ መንገድ ይዤ፣ ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮች የመሠረቷት መንደር ደርሼ እመለሳለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት የልጅ ልጄ ምስክር ትሆናለች። ልጄ በሩ ላይ ቆማ፣ «አባዬ፣ አንዴ ከጠፉ ወይ ኮል ካደረጉልኝ ቁልፉን ያስረክባሉ» አለችኝ።

አንድ ወር ተዘጋጀሁ። ብሉር ጎዳና ካለው ቤተ መጻሕፍት የጎብኚ ወረቀት እየለቀምኩ፣ መንገዱን ሰባት ቤት እንደሚቆጠር በቃሌ ያዝኩት። ሃሚልተን ካሌዶንያን ወለደ፤ ካሌዶንያ ፖርት ዶቨርን ወለደ። የልጅ ልጄ መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ሐይቁ ብልጭ ሲልልን ግን ካርታውን ጭኗ ላይ ጥላ፣ «አባባ፣ ቀጥሎ ማን ነው?» ማለት ጀመረች።

በውሃ የሚዞር የጥንት ወፍጮ አየን፤ ድንጋዩ እንዴት እንደሚወቀር ለአስጎብኚው አስረዳሁት። ፖርት በርዌል ስንደርስ ከእንጨት የተሠራው የመርከብ መብራት ማማ ላይ ከልጅቷ ቀድሜ ወጣሁ።

ፖርት ስታንሊን እንዳለፍን ድልድይ ተዘግቶ ወደ በቆሎ እርሻ አስወጡን። በቆሎው አላልቅ፣ ምልክቱም አልታይ አለ። የቆጠርኩት ሐረግ ተበጠሰ። ልጅቷ ስልኳን አወጣች።

«አባባ፣ ሎስት ሆነናል። ማሚን ኮል ላድርግ?»

ሞተሩን አጥፍቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ቅጠሉ ይንሿሿል። ትንሽ ቆይቶ ነፋሱ የዓሣ ሽታ ይዞ መጣ። የዝዋይን ሐይቅ በግራዬ አድርጌ ስንት ዘመን ነድቻለሁ። «ስልኩን አስቀምጪው፤ ሐይቁን በግራ ትከሻችን እንመልሰዋለን» አልኳት። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ የቲማቲም ማሳ ሽታ መጣ፣ ከዚያ የሐረጋችን መጨረሻ፣ «ብሌንሃይም» የሚል ሰሌዳ። ከእኔ ቀድማ አነበበችና አጨበጨበች።

መንደሩ ውስጥ አሮጌውን ትምህርት ቤት የከፈተችልን ሴት የመሥራቾቹ ዘር ነበረች። በጣቷ እየቆጠረች አምስት አባቶች ጠራችልን፤ አምስተኛው በእግሩ ያመለጠው ነው። ከዚያ ልጅቷን፣ አንቺስ? ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። በመንገዱ ሁሉ አባቶቼን ስቆጥርላት ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ ሰክታ ነበርና አንገቴን ደፋሁ። የልጅ ልጄ ግን ከእኔ ጀምራ ሰባቱንም ሳትስት ጠራች።

ሰባት ለአምስት፤ አሸንፈናል ልል ነበር። ሴትየዋ ቀስ ብላ፣ ከአምስተኛው በላይ ያሉትን ስሞች ባርነት እንደበላቸው ነገረችን። ድሌን ዋጥ አደረግኩት።

ስንመለስ ቁልፉን ልጄ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የልጅ ልጄ የሆነውን ሁሉ መሰከረች። ልጄ ቁልፉን አንሥታ እጄ ላይ መለሰችው።

ዘንድሮ ያንን ቁልፍ በገዛ እጄ አስረከብኩ። ማንም አልወሰደብኝም፤ ዓይኔ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ በራሷ መኪና ያንኑ መንገድ ወሰደችኝ። መንገድ የሚናገረውን የስልኳን ድምፅ አጠፋችና፣ «አባባ፣ ቀጥሎ ማን ነው?» አለችኝ።

«ወደ ግራ፤ ፖርት በርዌል» አልኳት።

ዓይኔ ቢደክምም ትከሻዬ አይሳሳትም። መኪናው የታጠፈው ወደ ቀኝ ነው። ሐይቁ ግን በግራ ትከሻዬ እንዳለ ነው፤ የሳትኩት እኔ ነኝ።

ትንሽ ሄደን፣ «ልክ ነህ አባባ» አለችኝ። «ቀጥሎስ?»