ወደ ውጭ ሳይወጣ የቀረው ማስታወቂያ

አስቴር ዳልጮ በአርባ ሦስት ዓመቷ ተመረቀች። ገዋን ለብሳ ፎቶ የተነሳች ዕለት እግሯ አብጦ ስለነበር ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፤ ፎቶው ከወገብ በላይ ስለሆነ ማንም አላወቀባትም። ከጎኗ ልጇ ኑሃሚን ቆማ ትስቃለች። ኑሃሚን ከተመረቀች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ሥራ ግን የለም። ሁለቱም የተማሩት ማኔጅመንት ነው። ጎረቤት "አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሥራ አስኪያጅ! ማን ሊታዘዝ ነው?" እያለ ሲቀልድ መጀመሪያ አብረው ይስቁ ነበር። ቀልዱ ሲደጋገም መሳቁን ተዉት።

አስቴር የቦንኬ ደጋ ልጅ ናት። በአሥራ አራት ዓመቷ አርባ ምንጭ ወርዳ፣ ሲቀላ ሰፈር ዘመድ ቤት ቀን እየሠራች፣ ማታ እየተማረች አሥረኛ ክፍልን ጨረሰች። ከዚያ ሴቻ ሰፈር ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረች። ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው። ባሏ ማቴዎስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ታሞ ካረፈ ሰባት ዓመት አልፏል። እሷ ግን በዚያው ደረጃ፣ በዚያው ባልዲ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣች፣ ወረደች።

ለምን ዩኒቨርሲቲ እንደገባች ብትጠየቅ ቁርጥ ያለ መልስ የላትም። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ የሳምንት መጨረሻ ትምህርት ስትመዘገብ "ነይ አብረን እንሂድ" አለቻት፤ ሄደች። ባልደረባዋ በሦስተኛው ወር አቋረጠች፤ አስቴር ቀረች። አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ክፍል ውስጥ እያንቀላፋች ተማረች። ከቤተ ክርስቲያን ቀርታ ቀርታ ሽማግሌዎቹ ሊጠይቋት ቤት ድረስ መጡ። የመውጫ ፈተናውን መጀመሪያ ስትወስድ አርባ ስድስት አመጣች፤ ወደቀች። በሁለተኛው ሃምሳ አንድ። ያስጠናቻት ኑሃሚን ናት። የእንግሊዝኛውን ጥያቄ በአማርኛ እያፍታታች፣ ሲከብዳት ደግሞ በጋሞኛ እየደገመች፣ እናቷ መጽሐፉ ላይ ስታንጎላጅ ትከሻዋን ነቅነቅ እያደረገች።

ከምርቃቱ ሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ ይፍሩ የቢሮውን ወለል ስትወለውል አስቆማት።

"አስቴር፣ መወልወያውን አስቀምጪና ቁጭ በይ።"

"እርጥብ ነው አቶ ይፍሩ፤ ቆሜ ልስማዎት።"

"የመዝገብ ቤት ባለሙያ መደብ ተፈቅዷል። ማኔጅመንት፣ ዲግሪ፣ ዜሮ ዓመት ልምድ። ዛሬ የውስጥ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ከውስጥ ይህን የሚያሟላ አንቺ ብቻ ነሽ። እስከ ዓርብ አመልክቺ፤ አለቀ፣ ያንቺ ነው።"

አስቴር የመወልወያውን እንጨት በሁለት እጇ ያዘች። ደስ ሊላት ሲገባ ደስታው ቶሎ አልመጣላትም።

"ከውስጥ ሰው ባይገኝስ?" አለች።

"ባይገኝማ ወደ ውጭ ይወጣል። ያኔ የከተማው ምሩቅ ሁሉ ተሰልፎ ይመዘገባል። ለምን ጠየቅሽ?"

"እንዲሁ ነው።"

እንዲሁ አልነበረም። ወደ ውጭ ከወጣ ኑሃሚን ትመዘገባለች።

የዚያን ቀን ማታ ወደ ቤት ስትገባ ኑሃሚን የሽፈራው ጎመን ቀቅላ ኩርኩፋ እየሠራች አገኘቻት። የበቆሎ ሊጡን በመዳፏ ታድበለብላለች እንጂ ቀና አላለችም። የትምህርት ማስረጃዎቿን የምትይዝበት ክላሰር ወንበሩ ላይ ተጥሏል።

"የት ዋልሽ?" አለች አስቴር።

"ምዝገባ ነዋ። ለሁለት ሰው ቦታ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተመዘገብን። የኔ ቁጥር ሁለት መቶ ዘጠና ነው። ፀሐዩ አናቴን በሳኝ።" ከዚያ ፈገግ አለች። "ከፊቴ የቆመው ልጅ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ጭምር ኮፒ አድርጎ አያይዟል። ምን ይታወቃል አለኝ።"

አስቴር ሳቀች። ነገሩ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። "ነገ እነግራታለሁ" አለች በሆዷ። ማክሰኞ መጣ፤ አልነገረቻትም። ረቡዕም እንዲሁ።

ሐሙስ ታላቅ ወንድሟ ደበሌ ሙዝ ጭኖ ከጫኖ ገባ። ደበሌ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ጫኖ በመስኖ ሙዝና ማንጎ ያለማል፤ ከተማ በወጣ ቁጥር ምሳ ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤቷ በር ድረስ መጥቶ ያያታል። ከግቢው አጥር ሥር ጥላ ፈልገው ተቀመጡና ነገረችው።

ደበሌ አልተቻኮለም። በጋሞኛ፣ ዝግ ብሎ፣ "ልጅቷ እንድትገባ ወንበሩን ልትለቂላት ነው?" አላት።

"ዕድል ታግኝ ብዬ ነው።"

"ስንት ሰው ይመዘገባል?"

"ሦስት መቶ።"

"እንግዲያ የለቀቅሽው ለእሷ አይደለም፤ ለማታውቂው ሰው ነው። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ።"

"እናት ብትሆን እንዲህ አትልም ነበር።"

"አልልም ይሆናል። ጉልበትሽን ግን አየዋለሁ። ቅድም ስትቀመጪ አጥሩን ይዘሽ ነው የተቀመጥሽው።"

ወንድሟ እውነቱን ነበር። ግን ስሌቱ ትክክል መሆኑ ምንም አላቀለለላትም። ሰው ለልጁ ሲሆን ከሦስት መቶ አንድም ብትሆን ዕድል ናት ይላል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስብሰባ ነበር። ሻይ ተደፋና ተጠራች። ወለሉን አጥባ፣ ባልዲውን ይዛ ስትወርድ ደረጃው መሐል ላይ ቀኝ ጉልበቷ ከዳት። አልወደቀችም፤ ተቀመጠች። ባልዲውን ከጎኗ አስቀምጣ ግድግዳውን ተደገፈች። ሁለት የቢሮ ሰዎች "እትዬ አስቴር፣ ደከመሽ እንዴ?" እያሉ አልፈዋት ወረዱ።

እዚያ ተቀምጣ ነው ለራሷ የዋሸችው ውሸት የታያት። አራት ቀን ሙሉ "ለልጄ" ስትል ከርማለች። እውነቱ ግን ሥራውን ራሷ ትፈልገዋለች። ለኑሃሚን ብላ አይደለም፣ ለቤቱ ብላም አይደለም። ወንበር ላይ መቀመጥ አማራት። በስሟ የተጻፈ የቅጥር ደብዳቤ አማራት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሌላ ሰው ጠረጴዛ ስትወለውል ኖራለች፤ የራሷን ጠረጴዛ መወልወል ፈለገች። ይህን ለራሷ ስትናገር አፈረች፤ ቀለልም አላት።

ወደ ታች ወርዳ እጇን በሳሙና ታጠበች። ማመልከቻውን በእጇ ጻፈች፤ መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ለአቶ ይፍሩ አስረከበች። እሱም "ሐሳብሽን የቀየርሽ መስሎኝ ነበር" አለና ማኅተሙን መታበት።

ቤት ስትደርስ ኑሃሚን በር ላይ ቆማለች።

"መሥሪያ ቤታችሁ የውስጥ ማስታወቂያ ወጥቷል አሉኝ" አለች። "አብራኝ የተመረቀች ልጅ ነች የነገረችኝ። ከሰኞ ጀምሮ ተለጥፏል።"

"ወጥቷል።"

"አመለከትሽ?"

"አመለከትኩ። ዛሬ።"

አስቴር ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ የመጣው ግን ሌላ ነው።

"ሰኞ ብትነግሪኝ ኖሮ ምን የማደርግ መሰለሽ? 'እባክሽ ልቀቂልኝ' የምልሽ መሰለሽ?"

"እንዳታዝኚ ብዬ ነው ልጄ።"

"አሳዘንሽኝ እኮ! ምስኪን አደረግሽኝ። ለፈተናው ሳስጠናሽ፣ ሃምሳ አንዱን ስታመጪ የጮህኩት እኔ አይደለሁ? ምን ብዬ የጮህኩ መሰለሽ?"

አስቴር ጫማዋን አውልቃ ገባችና ሳትበላ ጋደም አለች። ከዚያ በኋላ ሳምንት ያህል አንድ ጣራ ሥር ሆነው የሚነጋገሩት "ውኃ መጥቷል"፣ "ቁልፉ የት ነው" ብቻ ሆነ። ኑሃሚን አላኮረፈችም፤ ደክሟት ነበር። አስቴርም ደክሟት ነበር። የሁለቱ ድካም አንድ ቤት ውስጥ ሲሆን ለወሬ ቦታ አይተርፍም።

የቅጥር ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። አስቴር መዝገብ ቤት ገባች፤ በመስኮት በኩል ጠረጴዛ ተሰጣት። በመጀመሪያው ቀን እጇን የት እንደምታደርግ ጠፋባት። ረፋድ ላይ ከኮሪደሩ "አስቴር! ኧረ እዚህ ውኃ ፈሰሰ!" የሚል ድምፅ ሲመጣ ብድግ ብላ ሄዳ ወለወለች። ወለሉ ደርቆ ወደ ወንበሯ ስትመለስ ነው ከእንግዲህ የሷ ሥራ አለመሆኑ ትዝ ያላት። ማንም ይቅርታ አላላትም። እሷም አልተቀየመችም፤ አዲስ ሰው እስኪቀጠር ድረስ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠርተዋታል።

አዲስ ሰው የመቅጠሩ ነገር ሲነሳ ነው ኑሃሚን አንድ ማታ እራት ላይ ቀና ያለችው።

"የድሮው ቦታሽ ክፍት ነው አይደል?"

አስቴር ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። "የቱ ቦታ?"

"የጽዳቱ። የአሥረኛ ክፍል ማስረጃዬን ብቻ ይዤ ብመዘገብስ?"

"ኑሃሚን!"

"ምን አለበት? አንቺ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተሽው የለ? አሳድገሽኝ የለ? ነውር ከሆነ ንገሪኝ።"

"ነውር አልልም። በሱ በልቼ ኖሬ እንዴት ነውር እላለሁ። ግን የኔ ጉልበት ያለቀው ያንቺም እዚያው እንዲያልቅ አይደለም።"

"ጉልበቴማ ተቀምጬም እያለቀ ነው እማዬ።"

ይህ ቃል አስቴርን ወጋት። ልጅቷ ከተመረቀች ወዲህ እንደከሳች ያየችው ያኔ ነው፤ የአንገቷ አጥንት ቆሟል። አስቴር የቀረውን ኩርኩፋ ወደ እሷ ገፋችላት።

"ድብብቆሽ ግን የለም" አለች። "አንዴ ደብቄ ያተረፍኩትን አይቻለሁ። ከሄድሽ ዲግሪሽንም ይዘሽ ሂጂ።"

ኑሃሚን በማግስቱ ሄደች፤ ዲግሪዋን፣ የአሥረኛ ክፍል ማስረጃዋን፣ ሁሉንም ይዛ። አቶ ይፍሩ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየና ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

"የአስቴር ልጅ አይደለሽ?"

"አዎ።"

"በዚህ መደብ ዲግሪ ያለው ሰው መቅጠር አልችልም። ከተፈላጊው ችሎታ በላይ ነው። እኔ ብፈቅድ እንኳ ኦዲት ይጥለዋል። አዝናለሁ የኔ ልጅ።"

ለመዝገብ ቤቱ ብትመዘገብ ከሦስት መቶ አንዷ ትሆን ነበር፤ ለመወልወያው ደግሞ በዛች። አስቴር በመዝገብ ቤቱ መስኮት ልጇ ግቢውን አቋርጣ ስትወጣ አየቻት። አላለቀሰችም፤ ቀስ ብላ ነበር የምትሄደው፣ ክላሰሩን ለፀሐዩ ግንባሯ ላይ ደፍታ።

ጫኖ ላይ ሥራ ያገኘላት ደበሌ ነው። ገበሬዎቹ ተሰባስበው ፍራፍሬ የሚያስረክቡበት ማኅበር ሚዛን ላይ ቆሞ የሚመዘግብ፣ ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ ነጋዴ ጋር በስልክ የሚነጋገር ሰው ይፈልጋል። የቅጥር ደብዳቤ የለውም፣ ጡረታ የለውም፣ ዝናብ ሲበዛና መንገዱ ሲበላሽ ሥራም የለውም። ደበሌ ይህን ሁሉ ሳይሸሽግ ነገራት። ኑሃሚን ሁለት ቀን አሰበችበትና ልብሷን በፌስታል ማድረግ ጀመረች።

"ማኔጅመንት ተምሬ ሙዝ ልቆጥር ነው" አለች ስታጥፍ።

"ካላስደሰተሽ ትመለሻለሽ" አለች አስቴር።

"ማስደሰቱን አልጠበቅሁም። ጠዋት የምነሳበት ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው።" ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "አንቺስ? ደስ ብሎሻል?" አለቻት።

አስቴር የምትዋሸው ሰው አልቀራትም። "ወገቤ አርፏል" አለች። "ሌላውን እንጃ። ፋይል ውስጥ የማልረዳው ብዙ ነገር አለ። ስህተት እንዳልሠራ ስሰጋ እውላለሁ። ይህኛው ድካም ሲተኙ አይወጣም።"

"ይለመዳል።"

"ይለመዳል፤ ያኛውም ተለምዶ ነበር።"

እሑድ ከአምልኮ በኋላ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘቻት። መኪናው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ኑሃሚን ራሷን የእናቷ ትከሻ ላይ አሳርፋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሆኗል። ኑሃሚን በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች ትሄዳለች፤ ፊቷ ጠቁሯል፣ ትንሽም ሥጋ አውጥታለች። ከገበሬዎቹ ጋር ሚዛን ላይ ትጣላለች፤ መልሳ ትታረቃለች። እዚያ መኖሯን እንደ ውሳኔ አትናገረውም። ሲጠይቋት "ለጊዜው ነው" ትላለች፤ አስቴርም ጎረቤት ሲጠይቃት እንዲሁ ትላለች።

ባለፈው ማክሰኞ ከሌላ መሥሪያ ቤት አንድ ማስታወቂያ መጥቶ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ማኔጅመንት፣ ዜሮ ዓመት፣ ሁለት ሰው። አስቴር ወጥታ በስልኳ ፎቶ አነሳችውና ወደ ጫኖ ላከችው። ከሰሌዳው ሥር ክላሰር የታቀፉ ልጆች ተሰብስበው ነበር፤ አንደኛዋ "እትዬ፣ ምዝገባው እስከ መቼ ነው የሚለው? አይታየኝም" ብትላት አነበበችላት።

የኑሃሚን መልስ ከምሳ በኋላ መጣ። "አየሁት እማዬ። ዛሬ ጭነት አለ፣ ነገም አለ። ሐሙስ ከቀለለኝ እመጣለሁ።"

አስቴር ሁለቴ አነበበችው። ሐሙስ ትመጣ እንደሆን አላወቀችም፤ ልትጠይቅም አልደወለችም። አቶ ይፍሩ ከበሩ ላይ የአንድ ጡረታ የወጣ ሰው ፋይል ፈልጊ ብሎ ስለነበር ተነሳች፤ ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ ቀኝ ጉልበቷን ቀስ ብላ እየዘረጋች።