አምስት ክር የቀረው ጊታር

ሌላ ሰው አሳምሮ ሳያወራብኝ ሞኝነቴን ራሴ ልናገረው። የጊታር መምህሬ ጋሽ ይርጋ ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ማረፋቸውን ሲነግሩኝ፣ ከማልቀሴ በፊት ሞረድ ፈልጌ ጥፍሬን ሞረድኩ። ሃምሳ የተጠጋሁ ሰው ነኝ፤ በር ስገባ ሆዴ ከጊታሬ ይቀድማል። ግን ቃል አስገብተውኝ ነበር። «በሰልስቴ ቀን በእኔ ጊታር፣ በትዝታ ቅኝት ትጫወታለህ። አንድም ጌጥ እንዳትጨምርበት» ብለውኛል። እኔ ደግሞ ጌጥ ሳልጨምር ሰላምታ እንኳ ሰጥቼ አላውቅም።

እንደምታውቁት፣ ቀን ቀን ሰሊጥ መጋዘን ጆንያ ይሰፉ ነበር። አመሻሽ ላይ ከባሱንዳ እርሻ የመጣውን የቀን ሠራተኛም፣ ከስደተኛ ካምፕ የመጣውንም ሳይለዩ በራቸው ላይ ጊታር ያስተምራሉ። ሁለት ጣቱን የእርሻ ማሽን የወሰደበት ሰው ሲመጣ፣ የራሳቸውን ሁለት ጣት በጨርቅ አስረው ወር ሙሉ ተለማመዱና እንደዚያው አስተማሩት።

እኔን ሲያስተምሩ ግን ይተክዙ ነበር። «ጣት ጆንያው ነው፣ ሆድ ሰሊጡ» ይሉኛል። «ያለ ጆንያ ሰሊጡ ይፈሳል። አንተ ዘንድ ጆንያው ሞልቷል፤ ሰሊጡ የታለ?»

የልጃቸው የሰላማዊት ሰርግ ላይ ጊታራቸውን ሰጡኝ። ሙሽራዋ የአባቷን ጉልበት ስትስም ቀስ ያለ ነገር እንድጫወት ነበር። እሷ ስታጎነብስ የሰው ዓይን ወደ እኔ እንዲዞር ፈለግሁና እንደ ባለ ሦስት እግሩ ረክሻ እያከነፍኩ ነዳሁት። ቀጭኑ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ። ሙሽራዋ ደንግጣ ጉልበታቸውን ሳትስም ቀና አለች። ጋሽ ይርጋ «ማሌሽ፣ ምንም አይደል፣ ያልፋል» አሉና ጊታሩን ተቀብለው በቀሩት አምስት ክሮች ጨረሱ።

ኋላ ከኒው ሀልፋ ከተማ አዲስ ክር ሲመጣላቸው አልገጠሙትም። «ይህ ጎዶሎ የአንተ ነው። መቸኮል ስትተው እንሞላዋለን።» እስኪሞቱ ድረስ በአምስት ክር ተጫወቱ።

ሰልስቱ ደረሰ። ሰላማዊት ጊታሩን ይዛ ስትወጣ ድንኳኑ ውስጥ ጉምጉምታ ሆነ።

«ለቅሶ ቤት ጊታር?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ማሲንቆ እንኳ ቢሆን ይሁን።»

«አባዬ ያዘዘው ነው፣ አባባ። ካስቸገረዎት ጆሮዎን ይያዙ» አለችና ከፊቴ ተቀመጠች። ከፊቴ፤ ክንዴ የሚደርስበት ቦታ።

ጀመርኩ። መሃል ላይ ስደርስ፣ ያኔ ክሩ የተበጠሰበት ቦታ ላይ፣ ጣቴ ለመሮጥ ተነሳ። ከኋላ የድሮ ተማሪዎች አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል። ሰላማዊት ዓይኗን ከእጄ አልነቀለችም። አንዴ አመለጠኝ፤ መለስኩት። ደግሞ አመለጠኝ። የጎደለው ክር የሚመታበት ቦታ ስደርስ ግን እጄን አንስቼ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ጋሽ ይርጋ እንደሌሉ ገባኝ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ገና ያኔ። የቀረውን እያለቀስኩ ጨረስኩት። ሽማግሌው ጆሯቸውን አልያዙም፤ ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ነበር።

ጋሽ ይርጋ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። ያንን ሰርግ እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ፤ እርስዎ ግን ከዚያች የክር ቃል በቀር አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም። አፈሩ ይቅለልዎት። ሰው ሲበተን ልጅዎ ከጆንያ መርፌዎችዎ ሣጥን ውስጥ ያንን የኒው ሀልፋ ክር አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። የነገረችኝንም ይስሙት፤ ከእርስዎ የተማረችው ነው።

«አባዬ 'ካልቸኮለ ስጪው' ብሎኝ ነበር። ዛሬ ሁለት ቦታ ቸኩለዋል፣ ጋሼ። ማሌሽ፤ አንዱን ስለ እሱ፣ አንዱን ስለ ሰርጌ ይቅር ብዬዎታለሁ።»