ራሷን ስትጠይቅ የኖረችው ሐዋ

ውሸት ነው በሉኝ እባካችሁ።

ዛሬ ጠዋት የድሮ ባልደረባዬ ሁመድ ከሰመራ ደወለልኝ። ሁመድ ሲደውል እንደ አፋር ደንብ ሰላምታው አያልቅም። ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ሁሉ ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ዛሬ ግን ስሜን ብቻ ጠራ።

"ምን ሆንክ?"

"ሐዋ ሞተች።"

ስልኩን ዘጋሁበት። መልሼ ደወልኩ። ሌላ ሐዋ እንድትሆን ፈልጌ ነበር። ያችው ናት፣ የእኛዋ መምህርት ሐዋ።

ትኩሳት ይዟት ሰንብቷል አሉ። ትናንት ሲብስባት የምታስተምርባት የሰርዶ ሰዎች ከጅቡቲ ጭኖ የሚመለስ ከባድ መኪና አስቁመው ጋቢና ውስጥ አሳፈሯት። ሰመራ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፈች። ዛሬ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ትቀበራለች። እኔ ያለሁት አዋሽ ነው። ብከንፍም አልደርስም። ምን ላድርግ፣ ቁጭ ብዬ ይሄን እጽፋለሁ።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ሐዋ የወሎ ልጅ ናት፣ የኮምቦልቻ። ሰመራ ገና ጥቂት ቤትና ብዙ ንፋስ በነበረችበት ዘመን አንድ ትምህርት ቤት አብረን አስተማርን፤ እኔ ሒሳብ፣ እሷ ሥነ ዜጋ። ሎጊያ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተን እንኖር ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ፍልስፍና ነው። የጥንት ግሪኮችን እንደ ሰፈር ሰው ነው የምታወራቸው። "ሽማግሌውን'ኮ ገበያ መሀል እየዞረ ሰዉን ስለጠየቀ ነው መርዝ ያጠጡት!" ትለኛለች፣ ትናንት የሆነ ይመስል ተናዳ።

ከሥራ ስንመለስ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል፣ በሯ ላይ ተቀምጣ ሰሌን ትታታለች። ከአፋር ጎረቤቶቻችን ነው የተማረችው። መጀመሪያ ላይ እየተጣመመባት ሴቶቹ ይስቁባት ነበር። ስትታታ አታወራም። አንድ ቀን ምን እንደምታስብ ጠየቅኋት።

"ዛሬ ምን አበላሸሁ? ምን አበጀሁ? ምኑንስ ሳልሠራ ተውኩት? እያልኩ ነዋ። ግሪኮቹ ቀኑ ሲያልቅ ራሳቸውን እንዲህ ይጠይቁ ነበር። አባቴ ደግሞ ሙሐሰባ ይለዋል፣ ራስን መተሳሰብ። እጄ ሥራ ካልያዘ ግን ለራሴም እዋሻለሁ።"

ምንም ነገር ስትጠይቋት መልሷ "ቆይ፣ ራሴን ልጠይቅ" ነው። ሻይ ትጠጫለሽ ወይ ብትሏትም ያው። አስተናጋጁ ቆሞ ይጠብቃታል፣ እኔ በሳቅ እሞታለሁ።

ያኔ ግምገማ የሚባል ነገር ነበር። እኩዮቼ ታስታውሳላችሁ። ሠራተኛው ተሰብስቦ በየተራ እየተነሳ መጀመሪያ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ከዚያ ባልደረባውን ይተቻል። የዚያን ዓመት እንዲመታ የተፈለገው ሁመድ ነበር። የአካባቢው ልጅ፣ አዲስ መምህር። "ልጆቹ የሚጠጡት ውሃ ሳይኖር በዚህ ሙቀት እንዴት ይማራሉ?" ብሎ ለበላይ አመልክቷል። ጥፋቱ ይሄው ነው። ከስብሰባው በፊት ኃላፊያችን የተወሰኑ መምህራንን ለብቻ እየጠራ "ሁመድ ሥራ ያውካል በሉ" ብሏቸዋል። እኔ ይሄን የሰማሁት እዚያው ስብሰባ ላይ ነው፣ ከሐዋ አፍ።

ተራዋ ደረሰ። "ግለ ሂስ አለሽ?" አላት ኃላፊው።

"ቆይ፣ ራሴን ልጠይቅ።"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። ቀስ ብላ ተነሳች።

"አለኝ። ትናንት ቢሮ ጠርተውኝ ስለ ሁመድ ምን ማለት እንዳለብኝ ነገሩኝ። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ እሺ ብዬ ወጣሁ። ጥፋቴ ይሄ ነው። ሁመድ፣ ወንድሜ፣ አውፍ በለኝ።"

ኃላፊው ጠረጴዛውን መታ። "ይሄ ግለ ሂስ አይደለም!"

"ታዲያ ምንድነው?" አለች። ለማሽሟጠጥ አልነበረም፣ ከልቧ ነው የጠየቀችው።

ከዚያ በኋላ በሁመድ ላይ ለመናገር እጁን የሚያወጣ ጠፋ። ሁመድ ሥራው ላይ ቆየ። ሐዋ ግን ብዙም ሳይቆይ "ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል" ተብላ ሐኪም ቤት እንኳ ወደሌላት ሰርዶ ተዛወረች። እዚያው ቀረች።

አንድ ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋት። ከስታለች። እዚያም ሰሌኗን ይዛ በር ላይ ነው ያገኘኋት።

"ዝም ብትዪ ኖሮ'ኮ ዛሬ ሰመራ ነበርሽ" አልኳት።

"ዝም ብዬ ነበር'ኮ። እሺ ብዬ የወጣሁ ዕለት ሰሌኑን ይዤ ቁጭ ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ።"

"አሁንስ? አይቆጭሽም?"

ሰሌኗን ጭኗ ላይ አሳረፈች። "ይቆጨኛል። ሙቀቱ ሲብስ፣ እማዬ ስትናፍቀኝ በጣም ይቆጨኛል። ትክክል ሠርቶም መቆጨት እንዳለ ያነበብኳቸው መጽሐፎች አልነገሩኝም።"

 

ሁመድ ጠዋት ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት "ለእኔ ብላ ነው አይደል እዚያ የሄደችው?" አለኝ። "ላንተ አይደለም፣ ለራሷ ነው" አልኩት። ያጽናናሁት መስሎኝ ነበር፣ ግን ሲያለቅስ ሰማሁት። እኔም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከአንድ ሐሳብ መላቀቅ አልቻልኩም። ያንን ቃል ባትናገር ኖሮ ሐኪም ቤት አጠገቧ ይሆን ነበር። ባትናገር ኖሮ ግን ይሄን ሁሉ የማለቅስላት ሐዋ ትኖር ነበር ወይ? አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

ሐዋዬ፣

አፈር ሲመልሱብሽ የለሁም።

እናትሽ ሰርዶ የሄድሽው በራስሽ ፈቃድ ይመስላቸዋል። እንዳይጨነቁ ብለሽ ነው፣ ይገባኛል። ነገ በጠዋት ወደ ኮምቦልቻ እነሳለሁ። አጠገባቸው ተቀምጬ አንድም ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ። ሊቆጡኝ ይችላሉ፣ አንቺንም ሊቆጡሽ ይችላሉ። ግን ያጡት ማንን እንደሆነ ማወቅ አለባቸው።

አላህ ይዘንልሽ፣ እህቴ። ቀብርሽን ያስፋልሽ። ሂጂ፣ እረፊ።